«አዲስ ኮከብ» አዲስ አይደለም፦ የኖቫ ምልከታ ቃላት በለቡ ሰማይ ሥር ሲፈተኑ

1. የጥያቄው መነሻ

የሳይንስ ቃላትን ወደ አማርኛ የመመለሱ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በጽሕፈት ጠረጴዛ ላይ ነው። ቃሉ ሥር አለው ወይ፣ ለአፍ ይቀናል ወይ፣ ለርባታ ይመቻል ወይ ተብሎ ይጠየቃል። እነዚህ ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ አራተኛ ጥያቄ ሲዘነጋ ይታያል፤ ይኸውም ቃሉን ተቀብሎ ሥራ ላይ የሚያውለው ሰው በዚያ ቃል ትክክለኛ ሥራ ይሠራበታል ወይ የሚለው ነው። ይህ ጽሑፍ አራተኛውን ጥያቄ አንሥቶ፣ ጥቂት የሥነ ፈለክ ቃላትን በእሱ ለመፈተን ይሞክራል።

ለፍተሻው የተመረጠው ርእስ አዲስ የተገኘ ኖቫን ድምቀት በየሌሊቱ የሚከታተሉ አማተር ተመልካቾች ሥራ ነው። የተመረጠው ቦታ ደግሞ በደቡብ አዲስ አበባ፣ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ለቡ ነው። ለቡ የተመረጠው የምርምር ተቋም ስላለበት አይደለም። የመስታወታቸው ስፋት አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሁለት ቴሌስኮፖች የተተከሉት ከከተማው በስተሰሜን፣ በእንጦጦ ተራራ ላይ ነው። በእንጦጦ የሚሠራ ባለሙያ የሙያውን ቃላት በእንግሊዝኛ የተማረ በመሆኑ የአማርኛው ስያሜ ቢሳሳት እንኳ ሥራው አይሳሳትም። በለቡ በቤቱ ሰገነት ላይ ባይኖኩላር ይዞ ለሚቆምና ከአማርኛ በቀር ሌላ የንባብ ቋንቋ ለሌለው ሰው ግን ስያሜው ራሱ መሣሪያው ነው። የስያሜ ሥራችን የሚመዘነው በእንጦጦው ሰው ሳይሆን በለቡው ሰው መሆን አለበት የምንለው በዚህ ምክንያት ነው።

ቦታው ለሥራውም አይከፋም። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ክፍል ይታይባታል። ኖቫዎች በብዛት የሚገኙበት የፍኖተ ሐሊብ እምብርት አቅጣጫ በእኛ ሰማይ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ሲሆን፣ ለለቡ ነዋሪ የከተማው ዋና ብርሃን በስተሰሜኑ ይቀርለታል። በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. በሁለት ሳምንት ልዩነት ውስጥ ሁለት ኖቫዎች በደቡቡ ሰማይ ታይተዋል። የመጀመሪያው ሰኔ 5 ቀን «ተኩላ» በሚባለው ኅብረ ከዋክብት፣ ሁለተኛው ሰኔ 18 ቀን «ሸራ» በሚባለው ውስጥ ተገኙ። ሁለቱም ጨለማ በሆነ ሰማይ ያለ መሣሪያ በዐይን እስከሚታዩ ድረስ ደምቀው ነበር። እንግዲህ አንድ የለቡ ነዋሪ ይህን ዜና በአማርኛ አንብቦ ወደ ሰገነቱ ሊወጣ ነው እንበል። ምን ብለን እንነግረዋለን?

2. «አዲስ ኮከብ» ወይስ «ኖቫ»

ለተርጓሚ ቀድሞ የሚመጣለት አማራጭ «አዲስ ኮከብ» ነው። ቃሉ በላቲን «አዲስ» ማለት ስለሆነ ትርጉሙ ከሥሩ ጋር ይስማማል። የዴንማርኩ ጠቢብ ቲኮ ብራሄም በ1572 እ.ኤ.አ. በካሲዮፒያ ኅብረ ከዋክብት ድንገት የታየውን ኮከብ አዲስ ብሎ ነበር የጠራው። ታሪኩ ይህን ያህል የሚደግፈው ስያሜ ምን ነቀፋ አለበት?

ነቀፋው ነገሩ አዲስ አለመሆኑ ነው። ኖቫ የሚከሠተው ሁለት ከዋክብት እርስ በርስ በሚዞሩበት ሥርዓት ውስጥ ነው። አንደኛው ዕድሜውን የጨረሰና ክብደቱ ከፀሐይ ጋር የሚቀራረብ፣ ስፋቱ ግን የመሬትን ያህል ብቻ የሆነ ነጭ ድንክ ኮከብ ነው። ይህ ድንክ ከጓደኛው ሃይድሮጂን እየሳበ በገጹ ላይ ያከማቻል። ክምችቱ በግፊትና በሙቀት ከመጠን ሲያልፍ የኑክሌር እሳት ይነሣበትና የላይኛው ንብርብር ወደ ውጭ ይወረወራል፤ ድንኩ ራሱ ግን ሳይጠፋ ይቀራል። ስለዚህ «አዲስ ኮከብ» የተባለው ነገር በእውነቱ እጅግ ያረጀ ኮከብ ነው።

የስያሜው ጉድለት ይበልጥ የሚጋለጠው ቃሉ ሲረባና ከሌሎች ቃላት ጋር ሲጣመር ነው። «አዲስ የተገኘ ኖቫ» የሚለው «አዲስ የተገኘ አዲስ ኮከብ» ይሆናል። በየጊዜው የሚደግመው ዓይነት «ተደጋጋሚ አዲስ ኮከብ» ሊባል ነው፤ የሚደጋገም አዲስ ነገር ደግሞ አዲስ አይደለም። ሱፐርኖቫ «እጅግ አዲስ ኮከብ» ሊባል ነው፤ ይህም ኮከቡ ትናንት የተወለደ ያስመስለዋል። በእርግጥም ከጋዝና ከአቧራ ደመና ውስጥ ገና የሚወለዱ ከዋክብት ስላሉ፣ ለእነርሱ የሚገባውን ስም ለሌላ ሰጥተን ባዶ እጃችንን እንቀራለን። አንድ ስያሜ ቃሉ ብቻውን ሲቆም አምሮ፣ ቤተሰቡ ሲሰበሰብ የሚያጣላ ከሆነ ተቀባይነት ሊያገኝ አይገባም።

«ላቲኑም ያው ስሕተት አለበት» የሚል ተከራካሪ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። ነገር ግን ለዛሬው እንግሊዝኛ አንባቢ «ኖቫ» ትርጉሙ የተሸፈነ ቃል ነው፤ ሲሰማው «አዲስ» የሚል ሐሳብ አያድርበትም። የተሸፈነ ቃል ባያስተምርም አያሳስትም። እኛ ሽፋኑን ገልጠን የአራት መቶ ዓመት ስሕተት በአማርኛ ብንጽፍ፣ ባለቤቶቹ የረሱትን ስሕተት ለራሳችን አዲስ አድርገን መውሰዳችን ነው። «ሐዲስ ኮከብ» ብሎ ወደ ግእዝ መሸሽም አያድንም፤ «ሐዲስ ኪዳን»ን የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ ፍቺውን ወዲያው ያገኘዋልና።

ሌላ አማራጭ ከሩቅ ምሥራቅ ይመጣል። የጥንት ቻይና የሰማይ መዝጋቢዎች በ1054 እ.ኤ.አ. የታየውን ታላቅ ሱፐርኖቫ ጨምሮ እንዲህ ያሉትን ከዋክብት «እንግዳ ኮከብ» ይሏቸው ነበር። ይህ በአማርኛ ሲነገር ከላቲኑ ይልቅ ይጥማል። እንግዳ ይመጣል፣ ይሰነብታል፣ ይሄዳል፤ ተመልሶ ቢመጣም አያስደንቅም። ከዚህም በላይ «እንግዳ» በእኛ ቋንቋ ያልተለመደ ነገር ማለትም ስለሆነ ሁለቱ ፍቺዎች ነገሩን አብረው ይገልጹታል። ጉድለቱ የሚገልጸው አመጣጡን እንጂ ምንነቱን አለመሆኑ ነው። ጅራታም ኮከብም እንግዳ ነው፤ ቻይናውያኑም አልፎ አልፎ በዚያው ስም ጠርተውታል። ስለዚህ የሙያው ቃል «ኖቫ» ሆኖ፣ ለጠቅላላው አንባቢ በሚጻፍ ጽሑፍ መጀመሪያ ላይ «እንግዳ ኮከብ» በማብራሪያነት ቢጠቀስ ይበቃል እንላለን።

«ፍንዳታ» የሚለውም ቃል ጥንቃቄ ይሻል። በተለመደው አነጋገር የፈነዳ ነገር አይተርፍም፤ ነጭ ድንኩ ግን ተርፎ እንደገና ማከማቸት ይጀምራል። ለማስተማሪያነት «ግንፈላ» የተሻለ ሥዕል ይሰጣል፤ ቡናው ይገነፍላል እንጂ ጀበናው አይሰበርም። ግንፈላ እሳቱ ከውጭ የሆነበት ነገር ስለሆነ ለሙያ ቃልነት አይመጥንም። በመሆኑም ለኖቫ «የገጽ ፍንዳታ»፣ ለሱፐርኖቫ «ፍንዳታ» ብሎ መለየት ይመረጣል።

3. «መጠን» ወይስ «ደረጃ»

ከዚህ በላይ ያለው ስሕተት አንባቢን ያሳስታል እንጂ መዝገብን አያበላሽም። አሁን የምንደርስበት ግን መዝገብ የሚያበላሽ ነው።

የከዋክብትን ድምቀት የሚናገረው ቁጥር በላቲን «ትልቅነት» በሚል ቃል ይጠራል፤ የጥንት ሰዎች ደማቁ ኮከብ ትልቁ ይመስላቸው ነበርና። ተርጓሚው ሥሩን ተከትሎ «መጠን» ይለዋል። እንዲህ ሲል ግን ቁጥሩ የሚሄድበትን አቅጣጫ ይገለብጠዋል። በዚህ አሠራር ቁጥሩ ባነሰ መጠን ኮከቡ ይደምቃል። በተኩላ የታየው ኖቫ ሲገኝ 8.7 ነበር፤ ከሳምንት በኋላ ወደ 5.5 ገደማ ደረሰ፤ ይህም ድምቀቱ 19 እጥፍ ያህል መጨመሩን ያመለክታል። «የኖቫው መጠን ከ8.7 ወደ 5.5 ወረደ» የሚል ዜና የሚያነብ የለቡ ሰው ኮከቡ እየጠፋ ነው ብሎ ባይኖኩላሩን ይሰቅላል። ይኸውም ኮከቡ ያለ መሣሪያ በሚታይበት በዚያው ሌሊት ነው።

ስጋቱ ግምት ብቻ አይደለም። አንባቢው «መጠን» የሚለውን ቃል ከሌላ ቦታ ያውቀዋል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌ አካባቢ ተከታታይ የመሬት መንቀጥቀጥ በደረሰበት ወቅት ንዝረቱ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቶ ነበር። በዚያ ወቅት ቁጥር ሲጨምር ኃይል እንደሚጨምር ሁሉም ተምሯል። ለመሬት መንቀጥቀጥና ለኮከብ አንድ ዓይነት ቃል መጠቀም እንግሊዝኛው ያመጣብን ዕዳ ነው፤ አማርኛ ግን ይህን ዕዳ የመክፈል ግዴታ የለበትም።

የቁጥሩን ታሪክ ብንመረምር መፍትሔው ከዚያው ይገኛል። የጥንት ግሪካውያን ከዋክብትን በስድስት ማዕርግ ከፈሏቸው፤ ደማቆቹ አንደኛ፣ ለዐይን በጭንቅ የሚታዩት ስድስተኛ ሆኑ። ስለዚህ ነገሩ ከመነሻው ማዕርግ እንጂ ልኬት አልነበረም። በ1856 እ.ኤ.አ. ኖርማን ፖግሰን የተባለው እንግሊዛዊ አምስት ማዕርግ ልዩነት በትክክል መቶ እጥፍ እንዲሆን ሐሳብ ሲያቀርብ፣ አንዱ ማዕርግ ከቀጣዩ 2.512 ጊዜ ገደማ የሚደምቅ ሆነና ማዕርጉ ወደ ልኬት ተለወጠ። የእኛም ሊቃውንት መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት በምዕራፍ 15 ላይ ኮከብ ከኮከብ የሚለይበት ነገር በአማርኛው ትርጉም «ክብር» ተብሏል፤ ይህም የማዕርግ ቃል ነው።

በዚህ መሠረት «የድምቀት ደረጃ» የሚለው ስያሜ ከ«መጠን» ይበልጣል። በአማርኛ «አንደኛ ደረጃ ጤፍ» ከ«ሦስተኛ ደረጃ ጤፍ» እንደሚሻል ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። የተገለበጠ የሚመስለው ቁጥር በ«ደረጃ» ሲነገር የተለመደና የቀና ይሆናል።

ሆኖም «ደረጃ» ራሱ ሁለት ፊት እንዳለው መሸሸግ አይገባም። «አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት» ስንል ዝቅተኛውን ማለታችን ነው፤ በመወጣጫም አምስተኛው ደረጃ ከአንደኛው ከፍ ይላል። በተጨማሪም ማዕርግ በሙሉ ቁጥር ይቆማል፤ የከዋክብት ቁጥር ግን በነጥብ ይከፈላል፣ ከዜሮም በታች ይወርዳል። በሌሊቱ ሰማይ ከሚታዩት ከዋክብት ሁሉ ደማቁ ሲሪየስ ከዜሮ በታች 1.46 ነው። ስለዚህ የስም ምርጫ ብቻውን አይበቃም፤ አቅጣጫውን የሚሸከም ሌላ የአረፍተ ነገር ክፍል መፈለግ አለብን። ያም ግሡ ነው።

4. አቅጣጫውን ግሡ ይሸከም

የምናቀርበው ደንብ ይህ ነው፦ ስለ ኮከብ ድምቀት ሲጻፍ «ጨመረ»፣ «ቀነሰ»፣ «ወጣ»፣ «ወረደ»፣ «ከፍ አለ»፣ «ዝቅ አለ» የሚሉት ግሦች ከድምቀት ደረጃ ቁጥር ጋር አይግቡ። በምትካቸው «ደመቀ» እና «ደበዘዘ» ብቻ ይግቡ። «ኖቫው ከ8.7 ወደ 5.5 ደመቀ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር የቁጥሩን ሥርዓት ጨርሶ የማያውቅ ሰው እንኳ አይስተውም። ከዚህም አልፎ ሥርዓቱን ሳይነገረው ይማረዋል።

«ድምቀት» ከሌሎቹ ተወዳዳሪ ቃላት የተመረጠውም ተቃራኒው የታወቀና ግሡ የቀና ስለሆነ ነው። «ብርሃን» የነገሩ ስም እንጂ የጠባዩ ስም አይደለም፤ በመጽሐፈ ሄኖክም «ብርሃናት» የሚባሉት ፀሐይና ጨረቃን የመሰሉት አካላት ራሳቸው ናቸው። «ፍካት» ያማረ ቃል ነው፤ ነገር ግን የአበባና የፊት ስለሆነ በቁጥር አይለካም። «ጸዳል» ከቅኔ ቤት ቢወጣ ይጎዳል።

ደንቡ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከአንድ ትንሽ ምልክት መረዳት ይቻላል። ተመልካቹ ኖቫውን ፈልጎ ሲያጣው፣ በአካባቢው ያየውን ደብዛዛ ኮከብ ደረጃ ይወስድና በፊቱ የ«ያንሳል» ምልክት ያኖርበታል። ለምሳሌ በ6.0 ፊት ይህ ምልክት ቢቀመጥ ኖቫው ከ6.0 ይበልጥ ደብዛዛ ነው ማለት ነው። ተርጓሚው ምልክቱን እንደ ሒሳብ አንብቦ «ከ6.0 ያነሰ» ቢል፣ አንባቢው 5.9ን ወይም 5ን ያስባል፤ ይህም የእውነቱ ተቃራኒ ነው። «ከ6.0 የደበዘዘ» ሲባል ግን ስሕተት አይገባም።

የመመልከቻ ካርታውም ተመሳሳይ ወጥመድ አለው። በ1911 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የአሜሪካ ተለዋዋጭ ከዋክብት ተመልካቾች ማኅበር ካርታዎች ላይ የከዋክብቱ ደረጃ የሚጻፈው ያለ ነጥብ ነው፤ 63 ተብሎ የተጻፈው 6.3 ማለት ነው። ነጥቡ የተተወው በካርታው ላይ ኮከብ እንዳይመስል ነው። ካርታውን በአማርኛ የሚያዘጋጅ ሰው ነጥቡን «ላስተካክል» ቢል፣ የሌለ ኮከብ በሰማይ ላይ ተከለ ማለት ነው።

የእነዚህ ሌሊቶች ቁጥሮች በቅደም ተከተል ሲሣሉ የሚገኘውን መስመር «የብርሃን ጥምዝ» ማለት ለጆሮ ይስባል፤ ነገር ግን ብርሃን በእርግጥ የሚታጠፍበት ሌላ የታወቀ ክሥተት ስላለ ስሙ ለዚያ መቆየት አለበት። «የድምቀት ግራፍ» ግልጽ ነው፤ ማንም ተማሪ ያውቀዋል።

5. «አልታየም» ሁለት ነገር ነው፤ ሌሊቱም ሁለት ቀን ነው

በለቡ ሰማይ ሥር ከሁሉ የከበደው ቃል ምናልባት «አልታየም» የሚለው ነው። በ«ዝይ» ኅብረ ከዋክብት የታየው ታዋቂው ኖቫ የተገኘው ነሐሴ 23 ቀን 1967 ዓ.ም. ነበር፤ ድምቀቱ ከ2ኛ ደረጃ ካለፈ በኋላ በአራት ቀን ገደማ ሦስት ደረጃ ደበዘዘ። ተደጋጋሚው ኖቫ አር. ኤስ. ኦፊዩኪ ነሐሴ 2 ቀን 2013 ዓ.ም. ደምቆ ተገኘ። ከላይ የጠቀስናቸው ሁለቱ ደግሞ በሰኔ ነበሩ። ከእነዚህ ጋር ሲተያይ፣ ኅዳር 23 ቀን 2006 ዓ.ም. ጆን ሲች የተባለው አውስትራሊያዊ በ«ሴንታውረስ» ያገኘውና እስከ 3.3 ገደማ የደመቀው ኖቫ ለእኛ በበጋ የመጣ ደግ እንግዳ ነበር። ሌሎቹ አራቱ የመጡት በክረምት ነው።

በክረምት የለቡ ተመልካች በብዙ ሌሊቶች «ኖቫው አልታየም» ብሎ ይጽፋል። ግን ምን ማለቱ ነው? ሰማዩ በደመና ተሸፍኖ ነበር ማለቱ ከሆነ ስለ ኖቫው የተነገረ ነገር የለም። ሰማዩ ጠርቶ ኮከቡ ከጠፋ ግን ታላቅ ነገር ተነግሯል፤ ኖቫው ከተወሰነ ደረጃ በታች ደብዝዟልና። አንዱ የዜና አለመኖር ነው፤ ሌላው ዜና ነው። ሁለቱን በአንድ ቃል መጻፍ መዝገቡን ከንቱ ያደርገዋል። ስለዚህ የመጀመሪያው «ሰማዩ አልተገለጠም»፣ ሁለተኛው «ከዚህ ደረጃ የደበዘዘ» ተብሎ ይለይ። እንግሊዝኛው ይህን ልዩነት በምልክት ብቻ ሲይዘው፣ አማርኛ በቀላል ዐረፍተ ነገር ያስቀምጠዋል።

የቀኑም ነገር እንዲሁ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት የታየ ኖቫ በየትኛው ቀን ይመዝገብ? በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የሚባለው በዓለም አቀፉ ሰዓት ያለፈው ዕለት 23 ሰዓት ነው። «የሰኔ 18 ሌሊት» ቢባል ሰኔ 18 የነጋበትን ይሁን የመሸበትን ሌሊት ለማወቅ ያስቸግራል። እዚህ ላይ አማርኛ ሌሎች ቋንቋዎች የሚቀኑበት ቃል አለው፤ «ለሰኔ 19 አጥቢያ» ሲባል የትኛው ሌሊት እንደሆነ አያጠራጥርም። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ሌሊቱ በሁለት ቀን እንዳይከፈልባቸው ከቀትር የሚጀምር የዩልያን ቀን ቆጠራ አበጁ፤ የእኛ ባላገር ያንኑ ችግር በአንድ ቃል ፈትቶታል። ይህን የመሰለውን ቃል ከሕዝቡ አፍ ወስዶ በሙያ መዝገብ ማስፈር አዲስ ቃል ከመፍጠር የበለጠ ሥራ ነው።

6. ተመልካቹስ ምን ይባል?

ይህን ሥራ የሚሠሩት ሰዎች ደመወዝተኞች አይደሉም። በ1901 እ.ኤ.አ. በ«ፐርሲየስ» የታየውን ደማቅ ኖቫ ያገኘው የኤድንብራው ቶማስ አንደርሰን፣ የ1967 ዓ.ም.ን ኖቫ ያገኘው ጃፓናዊው ሚኖሩ ሆንዳ፣ በ2013 ዓ.ም. የአር. ኤስ. ኦፊዩኪን መድመቅ ያስታወቀው አየርላንዳዊው ኪት ጊሪ ሁሉም ከዚህ ወገን ናቸው። የመጨረሻው ዜና ከተሰማ በኋላ በናሚቢያ ያሉት የሄስ ቴሌስኮፖች ወደዚያው ዞረው ከኖቫው የሚመጣውን ከፍተኛ ኃይል ያለው የጋማ ጨረር ለክተዋል። በግል ሰው ዐይን የተጀመረው ነገር በአፍሪካ ምድር ባለ ታላቅ መሣሪያ ተፈጸመ ማለት ነው።

እነዚህን ሰዎች «ጀማሪ» ብሎ መተርጎም ግልጽ ስሕተት ነው፤ ብዙዎቹ የዐሥርተ ዓመታት ልምድ አላቸው። «የሥነ ፈለክ አፍቃሪ» የሚለው ወደ ሥሩ ቢቀርብም፣ «የእግር ኳስ አፍቃሪ» ሜዳው ዳር ተቀምጦ የሚያይ እንጂ የሚጫወት አይደለም። «ኮከብ ቆጣሪ» ከተባሉማ ሰው መጻኢ ዕድሉን ሊጠይቃቸው ይመጣል። «አማተር» ግን ከቴያትርና ከኪነት ቡድኖች ጀምሮ በአማርኛ የኖረ ቃል ነው፤ ያለ ክፍያ የሚሠራ ማለት መሆኑን ሕዝቡ ያውቃል። ስለዚህ «አማተር ተመልካች» ይበቃናል። ግኝታቸውንም «አገኙ» እንጂ «ፈለሰፉ» አንበል፤ ኖቫውን የፈለሰፈው የለም።

የአማርኛ ቃል በሰማይ ላይ ቦታ የለውም የሚል ካለ፣ በ2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለአንድ ኮከብ «ቡና»፣ ለሚዞረው ፕላኔት «አቦል» የሚል ስም ሰጥታ በዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት መጽደቁን ያስታውስ። ነገር ግን ስምና ስያሜ ይለያያሉ። ስም ነገሩን እንዲገልጽ አይገደድም፤ ኮከቡ ቡና አይደለም። የሙያ ስያሜ ግን አንድም በትክክል መግለጽ፣ አንድም ጨርሶ ዝም ማለት አለበት፤ ገልጾ ማሳሳት ብቻ አልተፈቀደለትም። በነገራችን ላይ «ቡና» ያለ መሣሪያ አይታይም፤ የድምቀት ደረጃው 7.3 ገደማ ነው። የገዛ ቋንቋውን ስም የተሸከመውን ኮከብ ለመፈለግ የሚወጣ ሰው እንኳ አስቀድሞ ይህን ቁጥር በትክክል ማንበብ ይኖርበታል።

7. ማጠቃለያ

ከላይ የታዩት ስሕተቶች ምንጫቸው አንድ ነው። «አዲስ ኮከብ»ም፣ «መጠን»ም፣ «አፍቃሪ»ም የውጭው ቃል ሥር ሲተረጎም የተገኙ ናቸው። ተርጓሚ መመለስ ያለበት ቃሉ የተወለደበትን ሳይሆን ዛሬ የሚሠራውን ሥራ ነው። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ለውይይት ቀርበዋል።

ኖቫ፦ በነጭ ድንክ ኮከብ ገጽ ላይ በሚነሣ የኑክሌር ፍንዳታ ለጊዜው የሚደምቅ ኮከብ። በማብራሪያነት «እንግዳ ኮከብ»።

ተደጋጋሚ ኖቫ፦ ከአንድ ጊዜ በላይ ደምቆ የታየ ኖቫ። («ተመላላሽ» ለሕክምና ቢቀር ይሻላል።)

የድምቀት ደረጃ፦ ቁጥሩ ሲያንስ ድምቀቱ የሚጨምርበት የከዋክብት ልኬት።

ደመቀ፣ ደበዘዘ፦ ከድምቀት ደረጃ ጋር የሚገቡ ብቸኛ ግሦች።

ማነጻጸሪያ ኮከብ፦ ደረጃው የታወቀና የማይለዋወጥ፣ የኖቫው ድምቀት የሚገመትበት ኮከብ።

የድምቀት ግራፍ፦ በጊዜ ቅደም ተከተል የተሣለ የድምቀት ደረጃ መስመር።

ከዚህ የደበዘዘ፣ ሰማዩ አልተገለጠም፦ ኮከቡ ያልታየባቸው ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች።

ቃላቱ አብረው መሥራት አለመሥራታቸውን ለማየት ለአብነት ብቻ የተዘጋጀ አንድ የመዝገብ መስመር እናቅርብ፦ «ለቡ፤ ለሰኔ 19 አጥቢያ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት፤ ኖቫው ከ5.2 ማነጻጸሪያ ኮከብ የደበዘዘ፣ ከ5.8ቱ የደመቀ፤ ግምት 5.5፤ ከትናንት ደምቋል።» ይህን መስመር የጻፈው ሰው እንግሊዝኛ አለማወቁ ቁጥሩን አላዛባበትም፤ ተቀብሎ ወደ ዓለም አቀፉ መዝገብ የሚያስተላልፈው ሰውም የሚያርመው ነገር አያገኝም።

በ«ሰሜን አክሊል» ኅብረ ከዋክብት ውስጥ አንድ ተደጋጋሚ ኖቫ አለ። በግንቦት 1858 እና በየካቲት 1938 ዓ.ም. ከ10ኛ ደረጃ አካባቢ ተነሥቶ እስከ 2ኛ ገደማ የደመቀ ሲሆን፣ በለቡ ሰማይ ከአናት ብዙ ሳይርቅ ያልፋል። የሁለቱ ድምቀቶች ርቀት ሰማንያ ዓመት መሆኑን የሚያውቁ የብዙ አገር አማተሮች ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በየሌሊቱ ሲጠባበቁት ቆይተዋል። ባለፉት ሁለት ጊዜያት ይህን ኮከብ በአማርኛ የሚመዘግብበት የተወሰነ ቃል ያለው ሰው አልነበረም። ቃሉን ከኮከቡ ቀድሞ የማዘጋጀቱ ሥራ የእኛ የመዝገበ ቃላት ሠራተኞችና የተርጓሚዎች ነው።